ጤዛዋ የማይደርቀው አበባዬ

አክስቴ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። ጥር ላይ ደጃፏ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ፣ ሳሎኗ ውስጥ ሂቢስከስ የሚሉት አበባ ፈክቶ ይንጎማለላል። «ቅዝቃዜው ወደ 10 ዲግሪ ሳይወርድ አስገባዋለሁ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አስቀምጠዋለሁ፣ ውሃ እቀንስለታለሁ፣ በቀን 14 ሰዓት መብራት አበራለታለሁ» ትለኛለች በቪዲዮ፣ ልጅ እንዳስመረቀች ሁሉ። ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ቅጠሉ ሥር ድር የምታደራውን ደቃቅ ተባይ እንኳ ሻወር ቤት ወስዳ ነው የምታጥብለት።

እኔ ያለሁት አዳማ ነው። እዚህ ሂቢስከስ አጥር ነው፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሳይኖር፣ ፍየል እየቀነጠበው ያብባል። በረንዳዬ ላይ ቆሞ ዱላ የሆነው የእኔ ብቻ ነው። እርግጥ ነፋሱም አለ፤ ከከተማው ዳር ከመቶ በላይ የነፋስ ኃይል ተርባይን ሲያሽከረክር ውሎ የተረፈውን ጉልበት የሚጨርሰው የእኔ ጣሳ ላይ ነው። አፈሩ ከደረቀ ደግሞ እምቡጡን ያራግፋል። ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ጆግ ይዤ ስወጣ አከራዬ «አንተ ልጅ፣ ሰው ሳይጠጣ አበባ ይጠጣል?» ይሉኛል። እሳቸው ግን ባጃጅ ያጥባሉ። ጎማው ሳይቀር፣ በኦሞ! ይሄን ማን ይናገር?

አክስቴ «ያንተንስ አሳየኝ» ማለት ስታበዛ፣ ለገና ከመጡት የፕላስቲክ አበቦች ቀይዋን ገዝቼ ግንዱ ላይ በሽቦ አሰርኳት። አክስቴ እልል አለች። በሌላ ቀንም ደውላ እልል አለች። ሳምንት ሲሞላ ግን ትክ ብላ አየችና፦

«የእኔ ጠዋት ፈክቶ በማግስቱ ረግፎ ነው የማገኘው። ያንተ እንዴት ሰነበተ?»

«የአዳማ አየር ነው።»

«እስቲ ስልኩን ጠጋ አድርገው።»

ጠጋ አደረግኩት። ጤዛዋ! ፋብሪካው እውነተኛ ትምሰል ብሎ አበባዋ ላይ የሙጫ ጠብታ ለጥፎባታል። አዳማ፣ ጥር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት! ሰው ግድግዳ ታኮ ጥላ እየፈለገ በሚሄድበት ሰዓት የእኔ አበባ ጤዛ ተሸክማለች። ያውም ታብለጨልጫለች። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር፣ ሳይቋረጥባት ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ያገኘች እሷ ብቻ ነች። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ቢያያት የውሃ ሂሳብ ይቆርጥላት ነበር።

አክስቴ ፎቶ አንስታ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከሠርግና ከለቅሶ በቀር ቃል ጽፎ የማያውቀው ድሬዳዋ ያለው አጎቴ «ጤዛዋ እንዴት አደረች?» ብሎ ጻፈ። አሁን ዘመድ ሁሉ ሰላም የሚለኝ እንደዚያ ነው። ለፋሲካ ቤት ስሄድ ምን እንደሚጠብቀኝ አስቡት።

አክስቴ ግን አንጀቷ አልቻለም። «በሚመጣ ሰው የአበባ መብራት እልክልሃለሁ» አለችኝ። ለአዳማ! ፀሐይ በሻንጣ! በቀን 14 ሰዓት አብራ አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ይሄን ለአከራዬ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ከወዲሁ እየተለማመድኩ ነው።