ቦይንክን ድሬዳዋ ላይ ለማስለመድ ስሞክር የተሳሳትኩት

በ2011 ዓ.ም. ከዚራ ውስጥ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሳስተምር ቦይንክን በ12 ኮምፒውተሮች ላይ ጫንኩ። ቦይንክ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ሥራ የፈቱ ኮምፒውተሮችን አቅም ለሳይንስ ስሌት የሚያውል ፕሮግራም ነው። ማውረዱ፣ አካውንት መክፈቱና ፕሮጀክት መምረጡ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ነገሩ የተበላሸው ፈቃዱ ላይ ነው። ለኃላፊው «ለሳይንስ የሚጠቅም ነፃ ሶፍትዌር ነው» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ያንን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ፕሮሰሰሩ ቀኑን ሙሉ በሙሉ አቅሙ እንደሚሠራ አልነገርኳቸውም። ግንቦት ሲገባ፣ በድሬ ሙቀት ላይ የ12 ማሽን ሙቀት ተጨምሮ ክፍሉ የማይቻል ሆነ፤ ከማራገቢያዎቹ ጩኸት የተነሣ ድምፄ ከኋላ ወንበር አይሰማም ነበር። አንድ ሠልጣኝ የማሽኑን ጎን በእጁ ነክቶ «አቦ፣ ይሄ ነገር ሊነድ ነው» አለኝ። የመብራት ካርዱም ከወትሮው ቀድሞ አለቀ። በማግሥቱ ኃላፊው በድብቅ ቢትኮይን (በኮምፒውተር ስሌት የሚገኝ ዲጂታል ገንዘብ) እያመረትኩ እንደሆነ ተናግረው ሁሉንም አስጠፉት። አምስት ደቂቃ ሰጥተው ስክሪኑን ቢያዩ ኖሮ እውነቱን ይረዱ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሳይንሱ ብዙም አልተጎዳም፤ ውጤቱ በጊዜ ገደቡ ያልተመለሰ የስሌት ሥራ ለሌላ በጎ ፈቃደኛ ኮምፒውተር ይላካልና። የተጎዳው ሠልጣኞቹ በፕሮግራሙ ላይ የነበራቸው እምነት ነው፤ ለዚህም ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሁለተኛው ሙከራዬ መጋላ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ባላቸው እናት ዘንድ ነበር። ስለ ክፍት ኮድ ማብራራት ስጀምር አቋርጠውኝ «ስንት ይበላብኛል?» አሉ። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍተን፣ ኮምፒውተሩን አንድ ሰዓት ያለ ቦይንክ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ከቦይንክ ጋር አስኬድነውና ቆጣሪው ላይ የሚታየውን ቁጥር በደብተራቸው ጻፉ። ልዩነቱን በብር አስልተው «ይቻላል» አሉ። ፕሮግራሙ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ቅንብር ሰው ማሽኑን እየተጠቀመም ስሌቱ እንዲቀጥል ይፈቅዳል፤ እኔ ግን እንዳለ እንዳትተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። ቦይንክ የሚጠቀምባቸውን የፕሮሰሰሩን ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩትን ክፍሎች) በግማሽ ገደብኩ፤ ሥራውንም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ አደረግኩት። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ሥራ ለመቀበልና ውጤት ለመላክ ስለሆነ፣ መሐል ላይ ቢቋረጥ ስሌቱ አይቆምም።

የመረጥንላቸው ፕሮጀክት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን የቅባት ሽፋን የሚያጠና ነበር። ታናሽ ወንድማቸው የስድስት ወሩን መድኃኒት ጨርሶ የዳነ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አካውንቱን በራሳቸው ስም ከፈትን፤ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተራቸው ለሠራው ስሌት የተሰጣቸውን ነጥብ አይተው ለጎረቤት ሲያሳዩ፣ ከነጥቡ ጋር ያንን ደብተር ያወጣሉ። በዚህ መንገድ ሌሎች ሦስት ሱቆች ገቡ።

ለቀድሞው ኃላፊም ይህንኑ በቆጣሪያቸው ፊት ላሳያቸው ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ቀጠሮ አልሰጡኝም።