ጊታር ፍለጋ ደብረ ብርሃን

ወንድሜ የተወለደው የህዳር ሚካኤል ዕለት ነው። እናታችን ሌላው ሁሉ ቢምታታባት እንኳ ይህን ቀን አትስትም። ዘንድሮ 25 ዓመት ሞላው። ደብረ ሲና ያስተምራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከጓደኛው በተዋሰው ቦክስ ጊታር ይጫወታል። የዚያ ጊታር ክር ከአንገቱ በጣም የራቀ ስለሆነ ለመጫን ጉልበት ይጠይቃል። ክረምት ላይ ስሄድ የግራ እጁን ጣቶች አየሁ፤ ጫፋቸው ተልጧል። የልደቱን ስጦታ ያኔውኑ ወሰንኩ።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ዞርኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ ቀይና ጥቁር ቀለም ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጊታር አሳዩኝ። ልቤ ሄደ። ደግነቱ ቤዝ የሚጫወት የሥራ ባልደረባዬ አብሮኝ ነበር። ጊታሩን ዒላማ እንደሚያነጣጥር ተኳሽ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አንገቱን ቁልቁል ተመለከተና "ጎብጧል" አለኝ። ቀጥሎ አንዱን ክር ባዶውን መታው፤ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች 12ኛው ላይ፣ ጭኖ ደገመው። ሁለተኛው ድምፅ ያው የመጀመሪያው፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚሰማ መሆን ነበረበት። አልሆነም፤ ለእኔ ጆሮ እንኳ ያስታውቃል። ባለሱቁ "ሲለመድ ይስተካከላል" አለን። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነገር በመለመድ አይስተካከልም። ጀማሪ ልጅ ገዝቶት ቢሄድ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። "እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም" ብሎ ይተወዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ባልደረባዬ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ያማሃ ኤፍጂ 800 የተባለ ጊታር ሊሸጡ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። በዋዜማው ማለዳ ላምበረት መናኸሪያ ነበርኩ።

መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ከዚያ ሸኖ። ሸኖ ላይ ለእናቴ ቅቤ ገዛሁ፤ ሸኖን አልፎ ያለ ቅቤ መሄድ አይሆንልኝም። ጫጫን ስናልፍ ከመስኮቱ ውጭ የገብስ ነዶ ተከምሯል። ደብረ ብርሃን ስደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

መምህሩ "ነይ ልጄ፣ ግቢ፣ ቀዝቅዞሻል" ብለው ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው ሻይ አቀረቡ። ጋሼ ጊታሩን ከጓዳ ይዘው መጡ፤ በመንዝ ባና ጠቅልለውታል። ቀስ ብለው ገለጡት። ቀለም የለውም፤ ደረቱ እንደ ማር ወለላ የቢጫ መልክ ያለው ተራ እንጨት ነው። ብዙ የተመታ ስለሆነ ከቀዳዳው በታች ትንሽ ተጭሯል።

"ጣትሽን እዚህ አድርጊ" አሉኝ። የክቡን ቀዳዳ ጠርዝ ዳሰስኩ። ላይኛው ፊት ላይ የሚታዩት ቀጫጭን የእንጨት መስመሮች ጠርዙ ጋ ሲደርሱ አይቋረጡም፤ ታጥፈው ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። ደረቱ ስፕሩስ ከሚባል ዛፍ የተሠራ አንድ ወጥ እንጨት ነው ማለት ነው። ተደራርቦ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ ላይ ንብርብሩ ይታይ ነበር። ወጥ እንጨት በደንብ ስለሚርገበገብ ድምፁ ይሞላል። ጎኑና ጀርባው ግን ንብርብር ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። ጋሼ አልተስማሙም።

"ህዳርን እይው" አሉ። "ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀኑ ደረቅ ፀሐይ። ወጥ እንጨት እርጥበቱን ሲያጣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ንብርብሩ ይችለዋል። ስለዚህ የምትጠብቂው ደረቱን ነው።" ጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ጋሼ የተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ከትተው ከጊታሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ ያኖራሉ። ከከሰል ምድጃ አጠገብ በጭራሽ እንዳይቀመጥ አስጠነቀቁኝ።

ባልደረባዬ ያስተማረኝን ሁሉ ሞከርኩ። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። 12ኛው ፍሬት ልክ ነው። ክሩ ከፍሬቱ የሚርቀው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት ይያዛል። የወንድሜ ጣቶች ትዝ አሉኝ።

ከዚያ ጋሼ ምንም ሳይጭኑ ስድስቱን ባዶ ክሮች አንድ በአንድ መቱ። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ።

"ምን ሰማሽ?"

ዝም አልኩ።

"ሶልን መነሻ አድርጊና ደርድሪያቸው። ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። የትዝታ ቅኝት ነው፣ ሜጀሩ። ለባቲ፣ ለአምባሰል፣ ለአንቺ ሆዬ ጣት ያስፈልግሻል። ትዝታ ግን ባዶው ክር ላይ ተቀምጧል።"

ደግመው መቱት። ወንድሜ በልጅነቱ የጀመረው በክራር ነው። ክራሩን ለትዝታ ለመቃኘት ስንቴ መቃኛውን ሲያዞር አይቼዋለሁ። ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩም።

ጋሼ ክሮቹን ትንሽ ትንሽ አላሉልኝ። ተቃኝተው ሲቆሙ ስድስቱ በድምሩ 70 ኪሎ ያህል ይስባሉ፤ ለመንገድ ረገብ ማለታቸው ይሻላል አሉኝ። ባናውን መርቀው ሰጡኝ።

የደብረ ሲናው ሚኒባስ ረዳት ጊታሩን ጣሪያ ላይ ሊጭነው ነበር። የሁለት ሰው ከፍዬ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳው ዋሻ ውስጥ ስንገባ አንገቱን በእጄ ያዝኩ። ከዋሻው ማዶ ጉሙ ተገለጠ፤ ገደሉና ከሥሩ ያለው ቆላ ወለል ብሎ ታየ። ቁልቁለቱን ወርደን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጊታሩን ከነባናው ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ገልጦ ቃኘው። ከዚያ ሳይጭን ባዶውን ክር አንድ በአንድ መታ፤ ቆመ፤ ደገመው።

"እታለም፣ ይሄ እኮ ትዝታ ነው!"

ምንም አልነገርኩትም ነበር። እናታችን በር ላይ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና ወደ ውስጥ ገባች።