የመኪናችሁን የወለል ሞኬት ሳታወጡ ቀለም እንዳታስነኩት

ይህን የምጽፈው አምና ሐምሌ ላይ አንድ ሰው አስቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ የእናቴ ነጠላ ስለማይበላሽ ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ጥቁር የነበረው ሞኬቷ ስገዛትም ፀሐይ ያገኘው ቦታ ሁሉ ወይቦ ነበር፤ ያንን ችዬው ኖሬአለሁ። ለክርስትና ይዘነው የምንሄደው ጀበና ጋቢና ውስጥ ሲደፋብኝ ግን ላቫጆ ወሰድኳት። ልጁ ከላስቲክ ጠርሙስ የሆነ ነገር አፈሰሰበትና በብሩሽ ፈተገው። የቡናው እድፍ እውነትም ለቀቀ። በማግስቱ የሻይ ሰሃን የሚያህል ብርቱካናማ ክብ ወጥቶበት አገኘሁት። ተመልሼ ሄጄ "በረኪና ነው እንዴ ያደረግክበት?" ስለው "ኧረ ጋሼ፣ ኦሞ ብቻ ነው" አለኝ። ኃላፊው ደግሞ ፀሐይ የበላው ነው ብሎ ሸኘኝ። ፀሐይ በአንድ ሌሊት እንዲህ ክብ አድርጎ አይበላም። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል። በረኪና የሚያጠፋው እድፉን ብቻ አይደለም፤ የክሩን ቀለም ጭምር ነው። ስለዚህ ደግማችሁ ብታጥቡት አይመለስም፤ ያለው መንገድ ቀለም መንከር ብቻ ነው።

ከመንከሩ በፊት ከወንበር ሥር ጥቂት ክር ነቅላችሁ ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የፕላስቲክ ክር ነው፤ ቀለም አይዝም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የኔው ሰጠመ። የሰጠመ ደግሞ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስተር የራሱ ቀለም ስለሚፈልግ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። የኔው ናይለን ሆኖ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣችልኝን ሪት የሚባል ጥቁር የጨርቅ ቀለም በደንብ ያዘ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። "በቦታው እንዳለ ይሠራል" ሲሉ ሰምቼ ወንበር መፍታት ሰነፍኩ። ቀለሙን በፈላ ውሃ በጥብጬ አቼቶ ጨመርኩበት፣ እየረጨሁ በብሩሽ አሸሁት። ከዚያ ለማለቅለቅ ብዬ ሁለት ባልዲ ውሃ አፈሰስኩ። ወደ ታች የሄደው ውሃ የት እንደሚገባ አላሰብኩም። ላዩን በፎጣ ሳደርቀው እንደ አዲስ ጠቆረ፤ ብርቱካናማው ክብ ጠፋ። ሦስት ቀን ያየኝን ሁሉ በር እየከፈትኩ አሳየሁ።

በአራተኛው ቀን መስታወቱ ከውስጥ ላብ አወጣ። በሳምንቱ እርጥብ ውሻ የመሰለ ሽታ መጣ። ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ የለም፣ በር ከፍቼ ላናፍስ ስል ዝናቡ ይመጣል። ማርያም ዕለት እናቴን ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት ጋቢና አስቀመጥኳት። ስትወርድ የነጠላዋ ጫፍ፣ ጥለቱን ጨምሮ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጠቁሯል። ዝቅ ብላ አየችው፣ በጣቷ አሸት አደረገችው፣ ከዚያ "ምንም አይደል ልጄ፣ ይታጠባል" አለችና ጥቁሩን ወደ ውስጥ አጥፋ ገባች። አልታጠበም።

ያን ጊዜ ወንበሮቹን ፈታሁ። ከሞኬቱ ሥር ወፍራም የድምፅ ማፈኛ ጨርቅ አለ፤ በእጄ ስጨብጠው ጥቁር ውሃ በክርኔ ወረደ። ላዩ ደርቆ ሥሩ ወር ሙሉ ረጥቦ ነበር። በደንብ ያልታጠበው ትርፍ ቀለም ከታች እየወጣ ነው ነጠላዋን የነካው። ላሜራው ላይ ዝገት ጀምሯል።

ጥቅምት ላይ እንደገና ሠራሁት። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱና ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቁ፤ ከወንበር ሥር ያለውን ቢጫ ሶኬት ከዚያ በፊት አትንኩት፣ የኤርባግ መስመር ነው። ወንበሮቹ በ14 ቁልፍ ተፈቱ። የጎን ፕላስቲኮቹን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ክሊፑ ይሰበራል። ሞኬቱን ግቢ ውስጥ ዘርግቼ በኦሞ አጠብኩት። በረኪና የነካውን ቦታ የቫይታሚን ሲ እንክብል ፈጭቼ በበጠበጥኩበት ውሃ አራስኩት፤ የተረፈ በረኪና ካለ አዲሱንም ቀለም ይበላዋል። አቼቶና በረኪና ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ይብሳል። የቀለሙ ማሸጊያ ላይ ያለው መመሪያ ድስት ውስጥ ለሚነከር ልብስ ነው። እኔ በጣም የሞቀውን ቀለም በማንኪያ እያፈሰስኩ በላስቲክ ሸፈንኩት፣ ሙቀቱ ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ከዚያ የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል በቧንቧ አጠብኩት፤ ብቻውን ከሰዓት በላይ ወሰደ። አራት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። ላሜራውን አሽቼ ፀረ ዝገት ቀባሁት። የድምፅ ማፈኛውን ጨርቅ ግን አላዳንኩትም፣ አዲስ ገዛሁ።

ከመግጠሜ በፊት ነጭ ጨርቅ አርጥቤ ሞኬቱን ፈተግኩት። ነጭ ሆኖ ወጣ። ጨርቁን ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። እሷ ግን እስከ ዛሬ ጋቢና ከመግባቷ በፊት ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ እግሯ ሥር ታነጥፋለች።