ዘንጉን ትቼ ስለቱን ስፈልግ፦ አንድ የባክቴሪያ ፕሮቲን ኑክሌዝ (ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ቆራጭ) መሆኑን የለየሁበት መንገድ

ባክቴሪያዎች ጎረቤቶቻቸውን የሚገድሉባቸውን ትልልቅ ፕሮቲኖች የምታጠኑ ከሆነ ፍለጋውን በሙሉው ቅደም ተከተል አትጀምሩ። ከሥራው የቀረልኝ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

በእጄ የነበረው ፕሮቲን ከ3,000 በላይ አሚኖ አሲዶች ያሉት ነው። በጂኖም መዝገቡ ላይ ፊላሜንተስ ሄማግሉቲኒን (ከሌላ ሴል ጋር የሚጣበቅ ረጅም ፕሮቲን) የሚል ስም ተለጥፎበታል። ስሙ ሐሰት አይደለም፣ የሚናገረው ግን ስለ ፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች እንደ ጦር ናቸው፦ ዘንጉ፣ ማለትም ፊተኛው ክፍል፣ ከዘመድ ዘመድ እምብዛም አይለይም፤ ስለቱ፣ ማለትም መርዝ የሆነው ጭራ፣ ግን በየዝርያው ይቀያየራል። ተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚፈልገው ብላስት ላይ ሙሉውን ስታስገቡ ውጤቱን ሁሉ ዘንጉ ይሞላዋል፤ ስለቱ ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል።

የዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ሲዲአይ (በንክኪ የጎረቤትን ዕድገት ማገድ) ይባላል፤ በ2005 በኢ. ኮላይ ኢሲ93 ዝርያ ላይ ነው የተገለጠው። ሲዲአይቢ በሴሉ ውጨኛ ሽፋን ላይ ቀዳዳ ሆኖ ሲዲአይኤን ያሳልፋል፤ ሲዲአይኤ ወደ ውጭ ተዘርግቶ የነካውን ሴል መርዙን ያስገባበታል። በኢ. ኮላይ ዘንጉና መርዙ የሚለያዩበት ቦታ ቫሊን፣ ግሉታሜት፣ አስፓራጂን፣ አስፓራጂን በሚል ተከታታይ ይታወቃል። ቡርክሆልዴሪያ ግን ሌላ ምልክት ነው ያለው። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ ከማሳደድ ይልቅ የቅርብ ዘመዶቹን ደርድሬ ተመሳሳይነቱ ድንገት የሚወድቅበትን ነጥብ ፈለግሁ። ድንበሩ እዚያ ነው።

ከድንበሩ በኋላ ያለውን ጭራ ለብቻው ሃመር በተባለው ፕሮግራም ፒፋም ከተባለው የፕሮቲን ቤተሰቦች መዝገብ ጋር አነጻጸርኩ። የወጣው ኤችኤንኤች የሚባለው የኑክሌዝ ቤተሰብ ነው፤ ኢ-ቫልዩው (ግጥሚያው በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችልበት መጠን) ግን ደካማ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፋይሉን ይዘጋል። ኤችኤንኤች አጭር ዶሜይን (የፕሮቲን ክፍል) ስለሆነ ነጥቡ ዝቅ ቢል አይገርምም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚፈርደው የሜታል አዮኑን (ለምሳሌ ማግኒዥየምን) የሚይዙትና ቆረጣውን የሚያካሂዱት ሂስቲዲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች በቦታቸው መገኘታቸው ነው። ተገኙ። ከዚያ የጭራውን ቅርጽ የፕሮቲን ቅርጽ በሚተነብየው አልፋፎልድ ተንብዬ፣ ተመሳሳይ ቅርጾችን በሚፈልገው ፎልድሲክ ላይ ስፈልግ ኮሊሲን ኢ9ን (ኢ. ኮላይ ዘመዶቹን የሚገድልበትን መርዝ) ከሚመስሉ ዲኤንኤ ቆራጮች ጋር ገጠመ።

ኮሊሲኖቹን ካነሳን፣ የፊተኛው ክፍል ምን ያህል ትንሽ እንደሚነግረን እነሱ ያሳያሉ። ኢ3፣ ኢ5 እና ኢ9 ሦስቱም ቢቲዩቢ በተባለው አንድ ተቀባይ ላይ ነው የሚያርፉት። ሲገቡ ግን ኢ9 ዲኤንኤ ይቆርጣል፣ ኢ3 የ16ኤስ ራይቦሶማል አርኤንኤን፣ ኢ5 ደግሞ የአንዳንድ ቲአርኤንኤዎችን አንቲኮዶን። "ሴክሬሽን ፕሮቲን" ተብሎ በተመዘገበ ጂን ፊት ስቆም አሁን የምጠይቀው ምን ይዞ እንደሚወጣ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያሳመነኝ የጎረቤቱ ጂን ነው። ኑክሌዝ የሚሠራ ባክቴሪያ የራሱን ዲኤንኤ እንዳይቆርጥ ማርከሻ ያስፈልገዋል፤ የማርከሻው ጂንም አብዛኛውን ጊዜ ከመርዙ ቀጥሎ ይቀመጣል። ኮሊሲን ኢ9ና ማርከሻው አይኤም9 የታወቁት ምሳሌ ናቸው። በእኔም ጂኖም ከጭራው ቀጥሎ ግብሩ ያልታወቀ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነበር። ሁለቱን ጥንድ አድርጎ አልፋፎልድ ሲገምታቸው ትንሹ የኑክሌዙን አፍ አካባቢ ይሸፍናል። (በአጭር ንባቦች የተገጣጠመ ጂኖም ላይ ተጠንቀቁ፦ ተደጋጋሚ ክፍሎች ያሉባቸው ጂኖች ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይቆረጣሉ፤ ጭራው ከነማርከሻው ሌላ ኮንቲግ (የተገጣጠመ ቁራጭ) ላይ ሊገኝ ይችላል።)

ላብራቶሪ ውስጥ ዋናው ትዕግሥት የጠየቀው ክሎን ማድረጉ (ጂኑን ወደ ኢ. ኮላይ ማስገባቱ) ነው። መርዙን ያለ ማርከሻ የተሸከመ ኢ. ኮላይ ይሞታል፤ በሕይወት የተገኘው ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ደግሞ ጂኑ የተበላሸበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጂኖች አብሬ አስገባሁ፣ ማርከሻው ላይ ለማጥራት የሚያገለግል የሂስቲዲን መለያ አደረግሁ፣ አብረው ከጠሩ በኋላ የፕሮቲንን እጥፋት በሚፈታው ጓኒዲን ለያየኋቸው፤ ከዚያ መርዙን መልሼ አጠፍኩት። ከፕላስሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ጋር ማግኒዥየም ባለበት ሳቆየው ጄሉ ላይ ያልተቆረጠው፣ የተጠቀለለው ፕላስሚድ ባንድ ጠፋ። ማርከሻው ሲጨመር ፕላስሚዱ ተረፈ፣ የሜታል አዮኑን የሚነጥቀው ኢዲቲኤ ሲጨመርም ተረፈ፣ ወሳኙ ሂስቲዲን በአላኒን ሲተካም እንዲሁ። የመጨረሻውን ማነጻጸሪያ አትዝለሉ፤ ከኢ. ኮላይ የጠራ ፕሮቲን ሁሉ የአስተናጋጁን ኑክሌዞች በትንሹም ቢሆን ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ጄሉም ቆራጩ የትኛው እንደሆነ ለይቶ አይናገርም።