«አላውቅም» የምትለዋን ቁልፍ ለመጨመር አራት ወር ፈጀብኝ

ጥቅምት ላይ አንድ አፕ ጀመርኩ። ከመደበኛ ሥራዬ ስመለስ ማታ ማታ የምነካካው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አነስተኛ ማምረቻ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስልኩን ያወጣል። አፑ ስለያዘው ኬሚካል ጥቂት ነገር ይጠይቀዋል። ከዚያ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ይነግረዋል። በሦስት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ ለጓደኞቼ ፎክሬ ነበር። ይኸው የካቲት ገባ።

የምሞክርበት ቦታ ከቤቴ ብዙም አይርቅም። አንድ ሼድ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና ይሠራሉ። የማምረቻው ባለቤት ከእናቴ ጋር ዕቁብ የሚጥሉ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። አራት ሴቶችና አንድ ወጣት አብረዋቸው ይሠራሉ። ላብሳ (የፈሳሽ ሳሙናው ዋና ጥሬ ዕቃ) በጀሪካን፣ ኮስቲክ ሶዳ በ25 ኪሎ ጆንያ፣ ጨው፣ ቀለም፣ ሽቶ። ጥግ ላይ የበረኪናው በርሜል።

ስሌቱን እኔ አልፈጠርኩትም። አየር ውስጥ ያለውን ኬሚካል ለመለካት መሣሪያና ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሼድ የማይታሰብ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የብሪታንያው የሥራ ቦታ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤችኤስኢ በ1999 እ.ኤ.አ. አንድ አቋራጭ አወጣ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ከእሱ ተነስቶ ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚሆን ቅጂ አዘጋጀ። አቋራጩ በዋናነት ሦስት ነገር ነው የሚጠይቀው። ኬሚካሉ ምን ያህል ክፉ ነው? በአንድ ጊዜ የምትጠቀመው በግራም ነው፣ በኪሎ ነው ወይስ በቶን? ምን ያህልስ ወደ አየር ይነሳል? ክፋቱ ከኤ እስከ ኢ አምስት ምድብ አለው፤ ኤ ቀላሉ፣ ኢ የባሰው ነው። ፈሳሽ ከሆነ የሚፈላበት ሙቀት ይታያል፤ ከ50 ዲግሪ በታች የሚፈላው ቶሎ ይተናል፣ ከ150 በላይ የሚፈላው ይዘገያል። ዱቄት ከሆነ መቡነኑ ይታያል። ሦስቱን ሠንጠረዥ ላይ ስታገናኛቸው ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይወጣል። 1 ማለት በደንብ አየር የሚገባበት ቤት ውስጥ ሥራ ማለት ነው። 2 ሲሆን ተኑን ወይም ብናኙን ከምንጩ የሚስብ ነገር ግጠም ነው። 3 ኬሚካሉ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይያዝ ነው። 4 ከሆነ ደግሞ ብቻህን አትወስን፣ ባለሙያ ጥራ።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይኼ ምኑም አይከብድም። ሠንጠረዡን በአንድ ማታ ጨረስኩት። የቀረውን ጊዜ የበላው ጥያቄ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ቅጂ ሰውየው የኬሚካሉን የደኅንነት መረጃ ሰነድ በእጁ ይዟል ብሎ የሚነሳ ነበር። ይኼ ሰነድ ጂኤችኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኬሚካል ምደባና ምልክት ሥርዓት 16 ክፍሎች አሉት። እኔም «ክፍል 2 ላይ ኤች 314 የሚል ካለ ይምረጡ» (ቆዳና ዓይን ያቃጥላል የሚል ኮድ ነው)፣ «ክፍል 9 ላይ የመፍላት ነጥቡን ይፈልጉ» እያልኩ ያማረ ፎርም ደረደርኩ። እትዬ ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ፣ ይኼ የምትለው ወረቀት ከየት ነው የሚመጣው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ኮስቲኩ አንዳንዴ ከመርካቶ ተመዝኖ በፌስታል ነው የሚመጣው። ጀሪካኑ ላይ በማርከር «ላብሳ» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። አንደኛውማ ላይ አሁንም የምግብ ዘይት ሥዕል አለ።

ስለዚህ ፎርሙን ገለበጥኩትና ከስም ጀመርኩ። ሠራተኞቹ በሚጠሩበት ስም 30 የሚሆኑ ኬሚካሎችን ዘረዘርኩ፤ ምድቡን፣ የመፍላት ነጥቡን፣ ሁሉንም እኔው ከጀርባ ሞላሁ። ሰው «ኮስቲክ» የሚለውን ይነካል፣ መጠኑን ይጽፋል፣ አለቀ።

ወጣቱ ልጅ የመጀመሪያው ሆኖ ሞከረው። ኮስቲክን ነካ፣ 2 ብሎ ጻፈ። አረንጓዴ ወጣ፣ ደረጃ 1። ደስ አለውና ስልኩን መለሰልኝ። እሱ 2 ያለው ኪሎ ነው። የእኔ ድሮፕዳውን (የመለኪያ መምረጫው ዝርዝር) ደግሞ ሲከፈት ግራም ላይ ነበር የሚቆመው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ መጀመሪያ ስለመጣ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። በኪሎ ሲሆን ያው ኮስቲክ ደረጃ 2 ነው። አሁን ቁጥር መጻፍ የሚባል ነገር የለም። ሦስት ሥዕል አለ፦ ማንኪያ፣ ባልዲ፣ በርሜል።

ይኼኛውን ስህተት ያረምኩት በዚያው ማታ ነው። የሚከተለውን ግን ራሴ አላየሁትም። ፋብሪካ ውስጥ የደኅንነት ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬ አፑን እያገላበጠ፣ «ኮስቲክ የሚያጠፋው ዓይን ነው፤ አንተ የምታወራው ስለ ሳንባ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያ ሠንጠረዥ የሚያሰላው በትንፋሽ የሚገባውን ነው። ቆዳና ዓይን የሚጎዱ ኬሚካሎች ኤስ የሚባል ለብቻው የቆመ ምልክት አላቸው። እኔ እሱን «በኋላ እጨምረዋለሁ» ብዬ ዘልዬው ነበር። አሁን ኤስ ያለበት ኬሚካል ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት የመነጽርና የጓንት ሥዕል ይወጣል። ለኮስቲክ ደግሞ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ኮስቲኩን ውኃው ላይ ቀስ እያሉ፤ ውኃውን ኮስቲኩ ላይ በፍጹም። ሲሟሟ በጣም ስለሚግል በተቃራኒው ከተደረገ ይፈናጠራል። እትዬ ይኼን ሲያነቡ፣ «ይኼንንስ ሳንማርም በጠባሳ አውቀነዋል» አሉ።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ነው። ከሠራተኞቹ አንዷ መደርደሪያው ላይ ካለች ቡናማ ጠርሙስ በክዳን እየለካች ሳሙናው ውስጥ ትጨምራለች። «ሳሙናው እንዳይበላሽ ነው» አለችኝ። ስሙን አታውቀውም። ሁሉም «መከላከያው» ነው የሚሉት። በአፑ ሞክሪው አልኳት። ከዝርዝሩ ስላጣችው «ሌላ» የሚለውን ነካች። ባሕርዩን የሚጠይቀውን ባዶ ትታ አለፈች። ትንሹን ሥዕል፣ ማንኪያዋን፣ መረጠች። አረንጓዴ። ደረጃ 1።

ያን ጊዜ ዓይኗ እያለቀሰ ነበር። የእኔም እንደዚያው።

ጠርሙሷን ከገዙበት ሱቅ ስናጣራ ፎርማሊን ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ያለውን ፎርማልዴሃይድ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ ብሎ መድቦታል። ምድቡ ኢ ነው። ምድብ ኢ መጠኑ ማንኪያም ይሁን በርሜል ሁሌም ደረጃ 4 ነው። የእኔ አፕ ግን ከአራቱ ዝቅተኛውን ሰጠው።

ምክንያቱን ስፈልግ ቤት ገብቼ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተቀመጥኩ። የተሳሳተ ስሌት አልነበረም። በመመሪያው ምድብ ኤ የሚገቡት ሌላ ምድብ ያልተመደቡት ናቸው። እኔም ኮዱ ላይ ምንም ምልክት ካልተመረጠ ኤ ይሁን ብዬ ጽፌያለሁ። ሰነዱን አንብቦ ምንም እንደሌለ ላረጋገጠ ሰው ልክ ነው። ምንም ላላነበበ ሰው ግን «አይታወቅም» ማለት «ችግር የለውም» ሆነ። እናንተም ፎርም የምትሠሩ ከሆነ ባዶ ቦታ ምን ተብሎ እንደሚነበብ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት። ኢሜይል የሚሰበስብ ፎርም ላይ ባዶ ቦታ ማንንም አይገድልም።

አሁን እያንዳንዱ ጥያቄ ሥር «አላውቅም» የምትል ቁልፍ አለች፣ ከሌሎቹ እኩል በሆነ መጠን። እሷ ከተነካች መልሱ አረንጓዴ ሊሆን አይችልም። ግራጫ ስክሪን ይመጣና፣ «ምን እንደሆነ እስኪታወቅ አይክፈቱት፤ ሻጩን ይህን ይጠይቁ» ብሎ ሦስት ጥያቄ ይሰጣል። ፎርማሊኑን ለጊዜው አቁመውታል፣ ሌላ እየፈለጉ ነው።

ስለ ቋንቋው ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። «አደጋ» ብዬ በቀይ የጻፍኩትን አንዷ አይታ፣ «የት ደረሰ?» አለች። ልክ ናት። አደጋ እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር ነው። «አደገኛ ነው» ብዬ ቀየርኩት። «ተናኝነት» (ቶሎ የመትነን ባሕርይ) የሚለውም ለማንም አልገባውም፤ ሰርዤዋለሁ፣ ሰውየው ማወቅ ያለበት ነገር አይደለም። መጀመሪያ «ይሸታል?» ብዬ ልተካው ነበር፤ የደኅንነቱ ጓደኛዬ ጮኸብኝ። ጋራዥ ውስጥ ቀለም እንዲጠነክር የሚጨመረው ሃርድነር ውስጥ ያሉት አይሶሳይኔቶች አስም ያመጣሉ፤ ግን ይህ ነው የሚባል ሽታ እንኳ ሳይሰማህ ነው የምትተነፍሳቸው። ሽታን መለኪያ አድርገህ ሰው አትሸውድ አለኝ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ አንተ፣ አንቺና እርስዎ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ «ጓንት ለብሰሃል?» ነበር የሚለው፤ ከስድስቱ አምስቱ ሴቶች ናቸው። «ለብሰዋል?» ስለው ደግሞ እትዬ፣ «እነማን?» አሉ። እርስዎና እነሱ በአማርኛ አንድ ግሥ ላይ ነው የሚሰቀሉት። በመጨረሻ ጥያቄውን ከሰው ወደ ዕቃ አዞርኩት፦ «ጓንቱ አሁን የት ነው?» መልሶቹ ሦስት ናቸው፦ እጅ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነካው ሁለተኛው ነው። መስኮቱንም እንዲሁ። «አየር ማስገቢያ አለ?» ሲባል ሁሉም አለ ይላል፤ መስኮቱ እኮ አለ። «ዛሬ ጠዋት ተከፍቶ ነበር?» ስል ነው አቧራው፣ ሌባው፣ ብርዱ ሁሉ የመጣው።

ገና ያልፈታሁት አለ። መመሪያው ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ ነው የሚያያቸው። እዚያ ሼድ ውስጥ ግን በረኪናና ሽንት ቤት ማጽጃ የሚሆን አሲድ አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሁለቱ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለየብቻ ሲታዩ አፑ ለሁለቱም የረባ ምክር ይሰጣል፣ ስለ መደርደሪያው ግን ዝም ይላል። ለጊዜው በረኪና የመረጠ ሰው «እዚሁ ክፍል አሲድ አለ?» ተብሎ እንዲጠየቅ አድርጌያለሁ። ጥንዶቹን ሁሉ በእጅ መዘርዘር ግን መላ አይደለም። የተሻለ መንገድ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። አፑ የሚያወጣውን ገጽ አትመው በፌስታል ሸፍነው ከኮስቲኩ ጆንያ በላይ ለጥፈውታል። ከጓንቱ ሥዕል አጠገብ አንዱ በእስክሪብቶ «ተቀዷል» ብሎ ጽፎበታል። አፑ ውስጥ የተቀደደ ጓንት የሚመዘገብበት ቦታ የለም። ዛሬ ማታ ከእሱ እጀምራለሁ።