ሞፈር የማይገባበት ዘጌ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄደውን ጀልባ በጠዋት ተሳፈርን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጣናን በጠዋት መሻገር ይሻላል። መንገዳችን ላይ የክብራን ገብርኤልን ገዳም ከሩቅ ተሳልመን አለፍን። ሴት ስለማይገባበት እኔና እህቴ ከጀልባው አልወረድንም።

ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ መሬት ነው። ከወደቡ ወደ ላይ ስትወጡ ጫካው ይውጣችኋል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለው ሁሉ ቡና ነው። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው። መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ እናት "እኛ ዘንድ ሞፈር የለም ልጄ፣ እርሻችን ይኸው ቡናው ነው" አሉኝ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ጫካ ግን ያን ሁሉ ዘመን ያቆየው የገዳሙ ሥርዓት ነው።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባ ጫማችንን አወለቅን። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው የተለጠፈው። እኔ በላዔ ሰብእ ጋ ስደርስ ቆምኩ። 78 ሰው በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው ሰውዬ! እናቴ የካቲት 16 በመጣ ቁጥር የምትነግረን ታሪክ ነው። ለካ ሥዕሉን ሳላየው ነው ያደግኩት። እንባዬ መጣ።

ስንመለስ የጀልባው ነጂ ስለ እምቦጭ አወራን። አረሙ ዳርቻውን ሲሸፍን ዓሣውም መረቡም መከራ ያያል። በየዓመቱ ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለዋል፤ እሱ ግን መልሶ ይበቅላል። ሲያወራ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔንም አንጀቴን በላኝ።

ባሕር ዳር ልንደርስ ስንል ዳር ላይ ሦስት ታንኳዎች ለፀሐይ ቆመው አየን። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቅና በነዶ በነዶ ይታሰራል። ውኃ ስለሚመጥ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ እንዲህ አቁሞ ያደርቀዋል። ከአንደኛው ጫፍ ውኃው ገና ጠብ ጠብ ይል ነበር።