ለጨረታ የሰጠሁት የእንጨት ሣጥን

ለሕሙማን ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚደረግ ጨረታ ላይ በእጄ የሠራሁትን የቤት ዕቃ እንድለግስ ስጠየቅ ይህ ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የሰጠሁት ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ነበር፤ ብዙ ወራት ብደክምበትም የተሸጠው ከእንጨቱ ዋጋ እምብዛም ባልራቀ ገንዘብ ነው። በጨረታ ዋጋ የሚንረው ቢያንስ ሁለት ሰዎች አንዱን ዕቃ አጥብቀው ሲፈልጉ ሲሆን፣ በዚያ ምሽት ግን ጠረጴዛውን የሚያስገባበት ሰፊ ክፍልም፣ የሚጭንበት መኪናም የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከዋጋው ይልቅ ያሳዘነኝ በኋላ የሆነው ነው። የጠረጴዛውን ገበታ ከሥሩ ካለው ክፈፍ ጋር ዙሪያውን በኮላ አጣብቄው ነበር። እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ከአየር እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል፤ በርዝመቱ የሚታየው ለውጥ እጅግ ጥቂት ቢሆንም በወርዱ ግን ያብጣል፣ ይኮማተራልም፤ 90 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ገበታ በእርጥብና በደረቅ ወራት መካከል በርካታ ሚሊ ሜትር ሊንቀሳቀስ ይችላል። እኔ መንቀሳቀሻ ስለነፈግሁት መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። ገዢው ነገሩን ለወራት ሳይነግሩኝ ቆዩ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «የተሰጠው ለበጎ ሥራ አይደል፣ ምን ብዬ ልውቀስህ?» አሉኝ። ይህ ንግግራቸው ከወቀሳ በላይ ከበደኝ፤ ሄጄም ጠገንሁት። ለልግስና የቀረበን ዕቃ የሚገዛ ሰው ጉድለቱን ይሉኝታ ይዞት ዝም ሊል ይችላልና፣ ሠሪው ለገበያ ከሚያቀርበው ይልቅ ለዚህኛው ይበልጥ ሊጠነቀቅ እንደሚገባ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

በዚህኛው ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣው የሚችል፣ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 35 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን ያለው ሣጥን ለመሥራት ወሰንሁ። ጣውላው 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ በእኛ ሙያ ዘንድ ለዚህ ውፍረት በጥላ ሥር አንድ ዓመት ያህል ማድረቅ የተለመደ ነው፣ የእኔም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነበር። አራቱን ማዕዘኖች ያለ ምስማር፣ ወደ ጫፋቸው እየሰፉ በሚሄዱና እርስ በርስ በሚነካከሱ ጥርሶች ገጠምኋቸው፤ እንዲህ የተገጠመ ማዕዘን ኮላው ቢያረጅ እንኳ በአንድ አቅጣጫ ፈጽሞ አይከፈትም። በሦስተኛው ማዕዘን ላይ መሮው ከእርሳሱ መስመር አልፎ አንዱን ጥርስ አሳነሰብኝ። በስንጣሪና በኮላ ልደፍነው እችል ነበር፣ ማንም አያውቅብኝም፤ ሆኖም ጣውላውን አስቀምጬ ሌላ ቆረጥሁ። የሣጥኑን ወለል ከጥድ ሠራሁትና እንደ ልቡ እንዲያብጥና እንዲኮማተር ያለ ኮላ በተፈለፈለለት ቦይ ውስጥ አስገባሁት፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚያውደው የጥድ ሽታ ከዚያ የሚመጣ ነው።

በብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 120 ጀምሬ እስከ 220 አለሰለስሁትና ስስ አድርጌ ደጋግሜ የተልባ ዘይት ቀባሁት። ቫርኒሽ ያልመረጥሁት፣ በዘይት የተቀባ እንጨት ሲጫር ባለቤቱ ራሱ በጨርቅ ሊያድሰው ስለሚችል ነው። (ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልሎ መጣል አደገኛ ነው፤ ሲደርቅ እየሞቀ ሄዶ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና እኔ ዘርግቼ ውጭ አሰጣዋለሁ።)

አዘጋጆቹን የለመንኋቸው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ የጨረታው መነሻ ዋጋ ቢያንስ የእንጨቱንና የጥቂት ቀን ድካምን ዋጋ እንዲሸፍን ነው፤ መነሻው እጅግ ሲያንስ ተጫራቹ ዕቃውንም ያንኑ ያህል አሳንሶ ይገምተዋል። ሁለተኛው፣ ሣጥኑ በገመድ ሳይታጠር ሰው በሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ነው። የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩንና አያያዙን የሚገልጽ ካርድም አብሬ አኖርሁ።

ምሽቱን ሙሉ ሰዎች ክዳኑን እየከፈቱ ጎንበስ ብለው ሲያሸቱ አየሁ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ተጫራቾች ሲሆኑ፣ ያሸነፉት ወይዘሮ በስንት ጊዜው ዘይት እንደሚቀባ ጠየቁኝ። በዓመት አንድ ጊዜ እንደሚበቃ ነግሬያቸው ስልኬን በካርዱ ጀርባ ጻፍሁና፣ አንዳች ስንጥቅ ቢያዩ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲደውሉልኝ አጥብቄ ለመንኋቸው። ቃል ገቡልኝና ሣጥኑን ብቻቸውን ታቅፈው ወጡ።